ከዙሁር እስከ አስር

እንጉዳይ ለብቻው የሚበላ ሰው በእኛ ሰፈር የለም። ሥጋ ለብቻው የበላ ስስታም ይባላል እንጂ የሚደነግጥለት የለም። የእንጉዳይ ነገር ግን ሌላ ነው፤ የለቀመው ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፣ ሌላው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ጠባቂው በየመሀሉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ፤ «አፍሽን አልመረረሽም? ሆድሽን አልቆረጠሽም? ዓይንሽስ ደህና ያያል?» ቀማሹ አልሃምዱሊላህ ካለና ሰዓቱ ከደረሰ ጠባቂውም እጁን ታጥቦ ይቀርባል። እናቴ እንዲህ ነበር የምትበላው፣ እኔም ከእሷ የለመድኩት ይህንኑ ነው።

የእኔ ጠባቂ ጎረቤቴ እቴቴ ነበረች።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ከተማ ዳር፣ ወደ ጫካው መውጫ ላይ ነው። በእሷና በእኔ ግቢ መካከል አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ አለ፤ እሱንም እየተመላለስን በር አበጅተንለታል። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ የሸህ ሚስት። የበዓል ሥጋ ሲሆን እሷ በድስቷ፣ እኔ በድስቴ፤ የእሷን ቤት እርድ እኔ አልነካም፣ የእኔንም እሷ አትነካም። እንጉዳይን ግን ማን ያርደዋል? ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይጠብቅ ከበሰበሰ ግንድ ላይ ብቅ ይላል። ከአንድ ድስት አብረን የምንበላው ወጥ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ እንናፍቀው ነበር።

ደግሞ የሚወጣበት ጊዜ! ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲያዝ፣ ነጎድጓዱ ሌሊቱን ሲያጉረመርም ያድርና ጠዋት ጫካው ውስጥ ወድቆ የቀረው ትልቁ ኮሶ ጎኑን ሁሉ እንጉዳይ አልብሶ ይቆየናል። እቴቴ በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ስለዚህ ቅዳሴ የማትሄድበትን ቀን መርጠን፣ እኔ የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ እቀምሳለሁ፣ የተሲያቱን አስር እስክሰግድ እሷ ጥጧን እየፈተለች ትጠብቀኛለች። አስር ሲባል የእሷም ጾም ተፈትቷል። እንዲህ የተገጣጠመ ነገር አላህ ለባልና ሚስት እንኳን አይሰጥም። ረመዳንና ፍልሰታ የገጠሙ ጊዜ ብቻ ቀማሽ ጠፍቶ ሁለታችንም ድስቱን ከበን ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪባል ስንጠብቅ ዋልን፤ ባለቤቴ ሸህ አብዱሰላም አይቶን «እናንተ ሴቶች፣ ድስቱ እንዳያመልጣችሁ ነው?» ብሎ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አላህ ልጅ አልሰጠንም፤ ደረሳ ሰጠን። ከየአገሩ ቁርአን ሊቀሩ የሚመጡ ልጆች በጓሮ ባለው ረጅም ክፍል ያድሩ ነበር። ጠዋት የእነሱ ድምፅ ሲነሳ የእቴቴ ዶሮዎች እንኳን ዝም ይሉ ነበር። ሸሁ ሲሞት ደረሶቹም ሌላ ሸህ ፍለጋ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፣ ለቀለም እንጂ ለእኔ አልመጡም። ክፍሉ ባዶ ቀረ፣ እኔም እቴቴ አለችኝ ብዬ ተጽናናሁ።

አምና ጥቅምት ላይ እቴቴ ከደጃፏ ተንሸራታ ዳሌዋን ተሰበረች። ደሴ ሱቅ ያለው ልጇ የኋላሸት መጥቶ ወሰዳት። መኪና ውስጥ ተጋድማ እጄን ይዛ «አብሽሪ፣ ለፍልሰታ እመጣለሁ። ያለ እኔ እንዳትቀምሺ» አለችኝ። እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጋና ክረምት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በቁልቋሉ አጥር ላይ የነበረው መተላለፊያ ሣር በቀለበት። ሣሩን አየሁትና አለቀስኩ፤ ወላሂ ለሣር ያለቀሰች ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቤት ውስጥ ለራሴ መናገር ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ አፍር ነበር፤ በኋላ ግን ተውኩት፣ ማን ሊሰማኝ ነው?

በዚህ መሀል አሚራ መጣች። አሚራ ከደሴ የተመደበች የግብርና ባለሙያ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ሒጃቧን በመርፌ አሳምራ የምታስር፣ ስትሄድ የምትሮጥ የምትመስል ልጅ። እንጉዳይ በቤት ውስጥ ማልማት ልታስተምር ባዶ ክፍል ያለው ማነው ብላ ሰፈሩን ብትጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ላካት። ባዶ ቤት ሲፈለግ የማን ስም እንደሚጠራ አያችሁ።

«እትዬ ዘሊካ፣ ጨለም ያለ፣ ሰው የማይበዛበት ክፍል አለዎት?» አለችኝ።

«ልጄ፣ ሰው የማይበዛበት ካልሽ ቤቱ በሙሉ አለ» አልኳት።

የደረሶቹን ክፍል ከፈትኩላት። ግድግዳውን በኖራ ቀባን፣ ወለሉን አጠብን። የስንዴ ጭድ ቆርጠን በበርሜል ቀቀልን፤ ጨምቀን ውሃ የማያንጠባጥብ ሲሆን አቀዘቀዝነው። አሚራ ማሽላ ላይ የተባዛ ነጭ የእንጉዳይ ዘር ይዛ መጣች። አንድ ረድፍ ጭድ፣ አንድ እፍኝ ዘር፣ እንደገና ጭድ እያልን በተበሳሳ የላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቀን ከጣሪያው ላይ ሰቀልነው። የመጀመሪያው ከረጢት አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ፤ ጭዱ በደንብ አልበሰለም ነበር። አውጥተን ራቅ አድርገን ቀበርነው፣ እኔም ለሁለተኛው ስቀቅል ከእሳቱ አልተነሳሁም።

ልጅቷን ወደድኳት፤ ታስተምራለች እንጂ አትንቅም። ከጫካው ኮሶ ላይ የምንለቅመው እንጉዳይ ፍሬው ብቻ እንደሆነ፣ አካሉ ግን እንጨቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ የሚኖረው ነጭ ክር እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔና እቴቴ ፍሬውን በእጃችን ጠምዘዝ አድርገን እንነቅላለን እንጂ ቅርፊቱን አንልጥም፤ ያረጀውንም እንተወዋለን። ለምን እንደሆነ አናውቅም ነበር። አሚራ «ያረጀው ነው ዘሩን የሚበትነው፤ ቅርፊቱ ከተላጠ ደግሞ ክሩ ይደርቃል» አለች። ክሩ በሕይወት እስካለ፣ ግንዱም በስብሶ እስኪያልቅ በየዓመቱ ያፈራል። ይህን ስትለኝ ዓይኔ ወደ ቁልቋሉ አጥር ሄደ፤ ለምን እንደሄደ አልነገርኳትም።

በየዕለቱ ጠዋትና ማታ ውሃ እየረጨሁ ሳምንታት አለፉ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጭድ ነጣ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ብገባ ከቀዳዳው እንጉዳዩ እንደ ጆሮ ተደራርቦ ወጥቷል። ጮህኩ። የምጠራው ሰው ስላልነበረ ጩኸቴን ዋጥኩት።

አሚራ ስትመጣ ለቀምን፣ እዚያው አበሰልን። ሰሃኑን አቅርቤ «በይ ልቅመስና ተቀመጪ» አልኳት። ሳቀች።

«ይኸኛውማ ዘሩ የታወቀ ነው፣ ቀማሽም ጠባቂም አያስፈልገውም። ለብቻዎ ቢበሉት ምንም አይልዎትም።»

ለብቻዎ። በደግነት ነው ያለችው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠገብኩ ብዬ ሰሃኑን ወደ እሷ ገፋሁት። ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ለምግብ ቤት ሰጠሁ፣ እኔ ግን ከዚያ ክፍል እንጉዳይ አንድም ቀን አልቀመስኩም።

ሌላ ቀን ስለ ጫካው አነሳንና የእኛን ልማድ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

«እትዬ ዘሊካ፣ አይቆጡኝና የሚገድለው ዓይነት ከዙሁር እስከ አስር አይታወቅም። የበላው ሰው ደህና ውሎ ደህና ያመሽና ከዚያ በኋላ ነው የሚጥለው፤ አንዳንዱንም በማግስቱ። ቀምሶ መጠበቅ ማንንም አያድንም። የሚያድነው ጠንቅቀው ያላወቁትን አለመልቀም ነው።»

ተቆጣሁ እንጂ! «እናቴን ልታርሚ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ስትሄድ ግን ነገሩን አሰብኩት፤ ልጅቷ እውነቷን ነው። እኛማ ያንን ኮሶ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፣ አንድም ጊዜ መርሮን አያውቅም። እንግዲያ ያን ሁሉ ዘመን እቴቴ የጠበቀችኝ ከምንድን ነው? ከምንም። አጠገቤ ለመቀመጥ ነበር። ሥራ ያላት ሴት ያለ ምክንያት ግማሽ ቀን ቁጭ ብላ ስታወራ ብትውል ሰው ምን ይላል? እንጉዳይ ስትጠብቅ ከሆነ ግን ማንም አይናገራትም። ይህ ሲገባኝ እቴቴን ከበፊቱ ይልቅ ናፈቀችኝ።

ሐምሌ አልቆ ፍልሰታ ገባ። እቴቴ ስልክ ደወለች። ድምጿ ቀጥኗል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዶሮዎቿ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ «የኋላሸት ሐሙስ መኪና ይዞ ይመጣል» አለች። እመጣለሁ አላለችም፤ እኔም ትመጫለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ልጇ መኪና ይዞ የሚመጣው እናቱን ይዞ ካልሆነ ለምንድን ነው? በመተላለፊያው የበቀለውን ሣር አጨድኩ፣ ቤቷን ከፍቼ ጠረግሁ፣ አልጋዋን አራገፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ቅርጫቴን ይዤ ለብቻዬ ወደ ጫካው ወጣሁ። ጭጋጉ ከዛፎቹ መሀል አልተነሳም ነበር። ኮሶው ትንሽ ይበልጥ ሰጥሟል እንጂ ጎኑን ሙሉ አልብሷል። ጠምዘዝ እያደረግሁ ለቀምኩ፣ ያረጀውን ተውኩ፣ ቅርፊቱን አልነካሁም። ሁልጊዜ እቴቴ በወዲያ በኩል ሆና ነበር የምትለቅመው፤ በዚያ በኩል ያለውን ለእሷ ብዬ ሳልነካው ልመለስ ነበር፣ ከዚያ ራሴን ተቆጥቼ ዞሬ ለቀምኩት።

በሽንኩርትና በዘይት አበሰልኩት፣ ቃሪያ ጣል አደረግሁበት። ዙሁር ሰግጄ ስነሳ ከታች ከመንገዱ የመኪና ድምፅ ተሰማ። መጣች አልኩ። ከደሴ ስትንገላታ የመጣች ጿሚ እንደገና እስክጠበቅ ድረስ ልትራብ ነው? አሁን ከቀመስኩ አስር ሲሆን ትበላለች ብዬ፣ እሷ ከበሩ ሳትገባ፣ አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። በሕይወቴ የጫካውን እንጉዳይ ያለ ጠባቂ የቀመስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አፌን እየጠረግሁ ወጣሁ። የቆመው አይሱዙ የጭነት መኪና ነው። የኋላሸትና ሹፌሩ ወረዱ፣ ሌላ ሰው የለም። እንዳልተረዳሁ ሆኜ ወደ መኪናው ውስጥ አየሁ፤ ወንበሩ ባዶ ነው።

«እማ ዘሊካ፣ አፊያ ነዎት?» ብሎ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመ። ልጅ ሆኖ ጉልበቴ ላይ ያደገ ነው፣ አሁን ጢሙ ሸብቷል።

«እናትህስ?»

«እግሯ አልጠና አለ፣ በምርኩዝም አልሆነላትም። ከእንግዲህ ወዲህ መመለሷ…» አላስጨረስኩትም። ዕቃዋን ሊጭን ነው የመጣው። ቤቱን የእህል ነጋዴ ወስዶታል፣ መጋዘን ሊያደርገው ነው። አዲሱ ጎረቤቴ እንኳን ሰው በሆነ።

እቃው እየወጣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ አየሁ። አልጋዋ ወጣ፣ ሣጥኗ ወጣ፣ ጥጥ ስትፈትል የምትቀመጥባት በርጩማ ወጣች። የቀመስኩት እንጉዳይ ሆዴ ውስጥ አለ፣ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። መርዝ አልፈራሁም። የፈራሁት እንዲህ ሆኜ መቅረቴን ነው። አሚራን እንዳልጠራ ለስልጠና ደጎሎ ሄዳለች። የኋላሸትን እንዳልለምን ደግሞ ኩራቴ ያዘኝ፤ ሹፌሩ ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው እንውጣ እያለ ይጨቀጭቀዋል።

ሲጨርሱ የኋላሸት ስልኩን ሰጠኝ። «እማ ልታናግርዎት ትፈልጋለች።»

«ዘሊካ» አለችኝ እቴቴ። «ልነግርሽ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አትቀየሚኝ።»

«አልተቀየምኩም።» ተቀይሜ ነበር።

ከዚያ «ወጣ?» አለች።

«ወጣ። ጎኑን ሙሉ።»

«ቀመስሽ?»

«ቀመስኩ።»

«ማን ነው የሚጠብቅሽ?»

«ሰው አለ።»

«ማን?»

እቴቴ ክርስቲያን ሆና ከእኔ የለመደችውን መሐላ አወጣች፤ «ወላሂ በይኝ፣ ማን?» አፌን ብከፍት የሚወጣው ለቅሶ ስለነበር አልከፈትኩትም።

«ልጄን ስጪኝ» አለች።

የኋላሸት ስልኩን ተቀብሎ ፊቱን አዞረ። «እሺ እማ… ዝናቡ እኮ… እሺ… እሺ አልኩሽ።» ስልኩን ዘግቶ ሹፌሩን ሻይ ጠጥተህ ና ብሎ ወደ ከተማው ላከው። ከዚያ ጭነቱ ላይ ወጣና ገመዱን ፈትቶ የእናቱን በርጩማ አወረደ። ቤቴ ይዞ ገብቶ፣ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀምጦ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው በዚያች ትንሽ በርጩማ ላይ ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጣ።

«ምን ብዬ ነበር የምጠይቀው?» አለኝ።

«ረሳኸው?»

«እማ ነበረች የምትጠይቀው። እኔ የማስታውሰው መብላቱን ነው።»

ሳቅሁ፣ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ነገርኩት። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ሽማግሌ ቆፍጠን ብሎ ጠየቀኝ። «አፍዎን አልመረረዎትም? ሆድዎን አልቆረጠዎትም? ዓይንዎስ ደህና ያያል?»

«አልሃምዱሊላህ» አልኩት።

የምናወራው ብዙ አልነበረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው፤ እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እሳቱን አያለሁ እያልኩ ፊቴን እደብቃለሁ። ቢሆንም በየመሀሉ ጠየቀኝ። አንዱን እየረሳ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ እየደገመ ጠየቀኝ። አስር አዛን ሲል ተነስቼ ሰገድኩ፤ ስመለስ እጁን ታጥቦ ጠብቆኛል። ሲበላ ጣቱን እንደ ልጅነቱ ላሰ።

የቀረውን በሙሉ ክዳን ባለው ሳህን አድርጌ ሰጠሁት። «የተቀመሰ ነው በላት። ሰዓቱም ሞልቷል በላት።» በርጩማዋን ልተውልዎት ብሎ ነበር፤ አልፈቀድኩም። ደሴ ላይም ቢሆን መቀመጫዋ ናት። መኪናው ጭቃውን እየቆፈረ ወረደ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት።

በዚያው ምሽት እቴቴ ደውላ «በላሁት» አለች። እኔ ጠየቅኳት። አፍሽን አልመረረሽም፣ ሆድሽን አልቆረጠሽም፣ ዓይንሽስ? «ደህና ነኝ» አለች፤ ከዚያ ደክሟት ስልኩን ለልጇ ሰጠችው።

በማግስቱ ዙሁር ሰግጄ ወደ ደረሶቹ ክፍል ገባሁ። ከረጢቶቹ በጨለማው ተሰቅለዋል፣ ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ነጩ እንጉዳይ ወጥቷል፤ ሰው የሌለበት ቤት ተስማምቶታል። ውሃቸውን ረጨሁ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ለቀምኩ። አበሰልኩ፣ አንድ ሰሃን አወጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በላሁ። አሚራ እንዳለችው ነው፤ ምንም አላለኝም። አፌን አልመረረኝም። ሆዴን አልቆረጠኝም። ዓይኔም ደህና ያያል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የተዘጋ በር ሳይቀር አጥርቶ ያያል። የጠየቀኝ ግን የለም።